እባብና ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ያሉባቸው ቴምብሮች፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ሁሉ ልሰብስብ ወይስ መርጬ ልጀምር?

መልስ፦ መርጠው ይጀምሩ። ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰብሳቢ አልበሙ ይሞላል እንጂ ስብስቡ መልክ አይይዝም። መርዛማ እባቦች ብቻ ወይም የባሕር ኤሊዎች ብቻ ቢሉ በቂ ሥራ ነው። የቻይና አቆጣጠር የእባብ ዓመትም ጥሩ መነሻ ነው፤ በየ12 ዓመቱ ስለሚመጣ በ1989፣ 2001፣ 2013 እና 2025 የወጡትን መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ እንቁራሪት ይገባል?

መልስ፦ አይገባም፤ ተሳቢ አይደለችም። ነገር ግን ከእባብ ጋር በአንድ ስብስብ ከወጣች ስብስቡን አይክፈሉት፣ ሙሉውን ያኑሩት። ተሳቢዎች አራት ወገን ናቸው፦ እባብና እንሽላሊት በአንድ፣ ኤሊ፣ አዞ፣ በመጨረሻም ቱዋታራ። ቱዋታራ ቁርጥ እንሽላሊት ስለሚመስል ብዙ አልበም ውስጥ ያለቦታው ይገኛል። በ1935 የኒውዚላንድ ባለ 8 ፔኒ ቴምብር ላይ ያለው እሱ ነው፤ የራሱን ገጽ ይስጡት።

ጥያቄ፦ በትር ላይ የተጠመጠመው የሕክምና እባብስ? የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶስ?

መልስ፦ የሕክምናውን እባብ ይያዙ፣ ግን ለብቻ። በ1962 ብዙ አገሮች ስለ ወባ ማጥፋት ዘመቻ ያወጧቸው ቴምብሮች ብቻቸውን አንድ ክፍል ይወጣቸዋል። ከሜክሲኮ የ1864 ቴምብሮች ንስርና እባብ ጋር «ምልክቶች» በሚል ርእስ ሥር ይሄዳሉ። ዘንዶው ግን የሥዕል እንጂ የተፈጥሮ ፍጥረት ስላልሆነ እኔ አላስገባውም።

ጥያቄ፦ ቴምብሩን ከፖስታው ሳልቀደው እንዴት ላላቀው?

መልስ፦ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትተው ፖስታውን ይቁረጡ። ምስሉን ወደ ላይ አድርገው ለብ ባለ ውኃ ላይ ያንሳፉት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይንሸራተታል። እምቢ ካለ ይጠብቁ፤ ቢጎትቱት የጀርባው ወረቀት ይላጥና ይሳሳል፣ የሳሳ ቴምብር ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ከዚያ በንጹህ ውኃ ያለቅልቁት። የቀረ ሙጫ ካለ ሲደርቅ ከመምጠጫው ወረቀት ጋር ይጣበቃል። ምስሉን ወደ ታች አድርገው ያድርቁት፣ እርጥበቱ ሲሄድ ከባድ መጽሐፍ ውስጥ ይጫኑት። ቀይና ሐምራዊ ፖስታ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። የዘመኑ ተለጣፊ ቴምብሮች ብዙዎቹ በውኃ አይለቁም፤ ከነፖስታቸው ቆርጦ ማስቀመጥ ይሻላል። ሙጫው ያልተነካ አዲስ ቴምብር ውኃ ጨርሶ አይንካው።

ጥያቄ፦ ካታሎጉ ላይ «ጥርስ 14» ሲል?

መልስ፦ በ2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ በእሽግ የገዛኋቸው የእባብ ቴምብሮች ሁሉም ማኅተማቸው ጥግ ላይ ነው፣ ሙጫቸውም አለ። ሐሰተኛ ናቸው?

መልስ፦ የግድ አይደሉም። ለሰብሳቢ ገበያ ተብለው ማተሚያ ቤት ሳሉ ማኅተም የተመታባቸው ናቸው፤ ደብዳቤ ጭነው አያውቁም። ለመማሪያ ጥሩ ናቸው፣ ዋጋ ግን አይጠብቁባቸው። ከ2002 ወዲህ በወጡት ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አገሩ ሳያውቅ በስሙ የታተሙ ቴምብሮች አሉ፣ የሚያማምሩ እንስሳት ደግሞ የተለመደ ማጥመጃ ናቸው። የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚሳተፍበትን ደብሊው ኤን ኤስ የተባለ መዝገብ ይዩ። እዚያ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሁሉም አገር አያስመዘግብምና፤ ግን ከመግዛት በፊት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከድሮዎቹ የትኞቹን ልፈልግ?

መልስ፦ የሰሜን ቦርኒዮን የ1894 ባለ 12 ሳንቲም አዞ፣ የኢኳዶርን የ1936 የጋላፓጎስ ስብስብ። ሁለተኛው ዳርዊን ደሴቶቹን የጎበኘበትን መቶኛ ዓመት የሚያስብ ነው፤ ኢጓናውም ግዙፉ ኤሊም አሉበት።

ጥያቄ፦ ቴምብሮቼ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

መልስ፦ ሻጋታ ነው፣ መንስኤውም እርጥበት። የተበከሉትን ዛሬውኑ ለይተው ያውጡ። አልበሙን አቁመው ያስቀምጡ፣ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ ብዙ አይራቅ። ፒቪሲ ፕላስቲክ ቀለምን ስለሚያበላሽ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ገጾችን ይምረጡ፤ ቴምብሩንም በጣት ሳይሆን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ያንሱ።