መልስ፦ ሐዲድ ሲጠግን እጁ ለተጎዳ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርህ። ኮምቦልቻ አካባቢ ሐዲድ ስታነሱ ጣቶችህ ተጨፍልቀው አለቃህ «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ካሳ የለህም» እንዳለህ ጽፈሃል። አትቀበለው! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። የሚያመልጠው ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ ነው። በግልጽ የተሰጠህን የደኅንነት መመሪያ ከጣስክ ወይም ራስህን መቆጣጠር እስኪያቅትህ ሰክረህ ከመጣህም እንደዚያው ይቆጠራል። መዘናጋት ብቻውን ከዚህ አይገባም።

የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ሥራ ባቆምክበት ጊዜም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ቢያንስ 50 በመቶ ይከፍልሃል። ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። የጡረታ መዋጮ ይቆረጥልህ ከነበረ የቋሚ ጉዳቱ ክፍያ በጡረታ በኩል ነው፤ ስለዚህ የደመወዝ ወረቀትህን አገላብጠህ እይ።

አሁኑኑ ጉዳቱን በጽሑፍ አሳውቅና ቅጂው ላይ አስፈርም። የሕክምና ካርድህን አትጣል፣ አብረውህ የነበሩትን ስማቸውን ያዝ። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ግን እንዳትፈርም፣ አደራ። ክሱንም ሳታዘገይ አቅርብ። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም።