በኅትመቱ ግርጌ ያለው ስምና ዓመት የማን ነው?

እህታችን፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት የኩፒድና የፕሲኬ (የጥንት ሮማውያን የፍቅር ተረት) ኅትመት በግርጌው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል ስምና 1693 የሚል ዓመት ስላለበት፣ «የራፋኤል የእጅ ሥራ ነው? በዚያ ዓመትስ የታተመ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሮም ውስጥ የቆዩ ኅትመቶችን በሚሸጥ ሱቅ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ደንበኞችም ከሁሉ አብዝተው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የራፋኤል እጅ አይደለም። እርሱ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ታሪኩን ከረዳቶቹ ጋር የሣለው ሮም በሚገኘው የቪላ ፋርኔሲና ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዶሪኒ የጣሪያውን ሥዕሎች በመዳብ ሰሌዳዎች ላይ ቀርጾ በ1693 በኅትመት ስብስብ አወጣቸው። የእርስዎም የዚያ ስብስብ ክፍል ይመስለኛል። ግርጌውን በማጉያ መነጽር ይዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ «ፒንክሲት» (pinxit) ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ያለው ስም የሠዓሊው፣ «ስኩልፕሲት» (sculpsit) ከሚለው ጋር ያለው የቀራጩ፣ «ኤክስኩዲት» (excudit) ከሚለው ጋር ያለው የአሳታሚው ነው።

ራፋኤል አልሠራውም ብለው ግን እንዳይንቁት እለምንዎታለሁ። ቀራጩ ቀለም የለውም። የገላን ልስላሴ፣ የጨርቅን እጥፋት፣ የደመናን ብርሃን የሚያወጣው መስመርን በማወፈርና በማቅጠን፣ በማቀራረብና በማራራቅ ብቻ ነው። ሮምን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ያንን ጣሪያ ያሳየው ይህ ወረቀት ነበር። ታላቁ ሠዓሊ ሩበንስ እንኳ ሥዕሎቹን ለቀራጮች እየሰጠ ያስቀርጽ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይገለብጣቸውም ከመንግሥታት የባለመብትነት ፈቃድ አውጥቶባቸዋል።

ወደ ዓመቱ ስመለስ፣ 1693 ሰሌዳው የወጣበት እንጂ ወረቀቱ የታተመበት ላይሆን ይችላል። ሰሌዳዎቹን ያሳተመው የሮማው የዴ ሮሲ ቤት ንብረት በ1738 በጳጳሱ መንግሥት ተገዝቶ ነበርና፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ይታተምባቸው ነበር። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይሳሳሉ፤ ጥላ ያለባቸው ቦታዎች ደብዝዘው ግራጫ ከሆኑ ዘግይቶ የታተመ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያንሡት። ተራ በተራ የተደረደሩ መስመሮች ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። ምንም መስመር የሌለው ወጥ ወረቀት ከሆነ ግን 1693 ሊሆን አይችልም፤ ያ ዓይነት ወረቀት አውሮፓ ውስጥ የተጀመረው ከ1750ዎቹ ወዲህ ነው። በማጉያው ሲያዩት በመስመር ፈንታ ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ከታዩ ደግሞ የፎቶግራፍ ኅትመት ነው።

ዳርቻውን አይቁረጡ፣ በማጣበቂያም ካርቶን ላይ አይለጥፉት። ከጀርባ ብርሃን እያበሩ አንድ ፎቶ፣ የግርጌውን ጽሑፍ ደግሞ ከቅርብ አንድ ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢያስቀምጡልን የኅትመቱን ዘመን አብረን ልንገምት እንችላለን።