ከ“ኬዝ ጸሐፊ” በፊት ጠበቃ

ከጅማ ወጥታችሁ በሰው አገር ጥገኝነት ለጠየቃችሁ፣ ለመጠየቅም ለምታስቡ ልጆች፦

ሂዱም ቅሩም አልላችሁም። ይህን የሚሏችሁ ሽማግሌዎች ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ሞልተዋል። እኔ በጥብቅና ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጉዳያችሁ የሚታየው ለንደን ወይም ሚኒያፖሊስ ቢሆንም ማስረጃው የሚፈለገው እዚህ ነውና ስልኩ እኔ ዘንድ ይደወላል። “ጋሼ፣ ያኔ የተከሰስኩበትን መዝገብ ግልባጭ ቶሎ ይላኩልኝ፤ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።” ጠበቃህ ምን አለህ ብዬ ስጠይቅ ጠበቃ የለም። ያለው “ኬዝ የሚጽፍ” አንድ የአገር ልጅ ነው።

ስለዚህ ሰው ትንሽ ልበል። ገንዘብ ተቀብሎ ታሪክ ይሸጣል። ለአንዱ የሸጠውን እስር ቤት ለሌላውም ይሸጠዋል፤ ዘበኛው ጉቦ በልቶ በሩን የከፈተበት ሌሊት እንኳ አይለወጥም። ጠያቂው ባለሥልጣን ይህን ታሪክ ከእናንተ በፊት ከስንቱ ሰምቶታል! የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በእውነት የደረሰባችሁ ነገር ከተገዛው ይልቅ የሚያስረዳ ሆኖ ሳለ እሱን ደብቃችሁ የሰው ታሪክ ታጠናላችሁ። አንድ የሐሰት የቀበሌ ደብዳቤ የገባበት መዝገብ ውስጥ እውነተኛው የሐኪም ማስረጃም ይጠረጠራል። ያ ሰው ደግሞ ስሙን የትም አይፈርምም።

ጠበቃ ፈቃድ አለው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ቦታ አለ። ሥራው ታሪክ መፍጠር ሳይሆን ከነገራችሁት ውስጥ ሕጉ የሚፈልገውን ለይቶ ማውጣት ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች ስምምነት የሚጠይቀው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን ወይም በፖለቲካ አመለካከት የተነሣ የመሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት መኖሩን ነው። ሥራ ማጣት ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ ጠበቃው ይህን በግልጽ ቢነግራችሁ አትቀየሙት። በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ግን ሰፋ ይላል፤ የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ባናወጠ ሁኔታ ምክንያት የሸሸንም ስደተኛ ይለዋል። ስለዚህ ናይሮቢ ላይ የሚያስኬድ ክርክር ለንደን ላይ ላያስኬድ ይችላል። ይህን የሚለየው አብሯችሁ የሚያድር ልጅ አይደለም።

“ገንዘብ የለኝም” ትላላችሁ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የመንግሥትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ከብዙ ጉዳዮች ላይ ሲያነሣ የጥገኝነትን ጉዳይ አልነካውም፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አመልካች ጠበቃ በነፃ ያገኛል። ችግሩ ቦታ ያለው ቢሮ ማግኘት ነው፤ ሳትሰለቹ ለብዙ ቢሮዎች ደውሉ፤ የደወላችሁበትንም ቀን ጻፉ። በዚያ አገር ሳይፈቀድለት የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው ወንጀል ይሠራል። አሜሪካ ይለያል። መንግሥት ጠበቃ አይከፍልላችሁም፤ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ግን በነፃ የሚያገለግሉ ድርጅቶችና ጠበቆች ዝርዝር አላቸው። ማመልከቻው በመርህ ደረጃ አገሩ በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህችን ዓመት ዘመድ ቤት ተቀምጠው ያሳለፉ ልጆች አውቃለሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ የ1951ዱን ስምምነት አልፈረመችም፤ ወደ ጅዳ ለሥራ ለምትሄዱ እህቶቻችን ይህ ደብዳቤ ብዙም አይጠቅምም፤ ይቆጨኛል።

ጠበቃውን የምትፈልጉት ከቃለ መጠይቁ በፊት ይሁን። ውድቅ ከተደረጉ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ በእንግሊዝ ለይግባኝ በአብዛኛው ያላችሁ ጊዜ 14 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን የተናገራችሁት ቃል እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ይከተላችኋል።

በተለይ ቀን ስትጠሩ ተጠንቀቁ። እኛ ጥቅምት 2013 ስንል ፈረንጆቹ ዘንድ 2020 ነው። ቸልተኛ አስተርጓሚ ወሩን ተርጉሞ ዓመቱን እንዳለ ከተወው እስራችሁ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋርም ይጋጫል፤ እናንተም ዋሾ ትባላላችሁ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፦ “ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጡብኝ” ያለ ልጅ ቃሉ በእነሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተብሎ ቢመዘገብ ሌሊቱ ወይ ምሽት ወይ ጠዋት ይሆንበታል። ቃላችሁ ተነብቦላችሁ ሳታርሙ አትፈርሙ። አማርኛ ብትችሉም የደረሰባችሁን የምታስታውሱት በኦሮምኛ ከሆነ የኦሮምኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ከእኔ ወረቀት የምትፈልጉም ብትሆኑ ጠበቃችሁ የሚፈልገውን ሰነድ ዓይነትና የመዝገቡን ቁጥር በጽሑፍ ላኩ። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀውን እልካለሁ፤ የማያውቀውን አላጽፍም። ውክልና የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ በመንግሥቴ ተሳደድሁ እያላችሁ ለፊርማ ወደዚያው መንግሥት ኤምባሲ አትሂዱ፤ ባለሥልጣኑ “የምትፈሩ ከሆነ ለምን ሄዳችሁ?” ሊላችሁ ይችላል። ፓስፖርት ማሳደስም ያው ነው። ሁለቱንም አስቀድማችሁ ጠበቃውን ጠይቁ። ገና እዚህ ያላችሁ ደግሞ ለእናታችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ውክልና ሰጥታችሁ፣ የመዝገባችሁን ግልባጭም በማኅተም አውጥታችሁ አንዱን ቤት አስቀምጡ።