የሚወዛወዘው የልጅ መቀመጫና የነፍሰ ጡሯ እናት ብስክሌት

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከሚኖሩ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር እናት ነው። «ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጃችንን በእኔ ብስክሌት የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ በበያጅ ባሠራነው መቀመጫ አስቀምጬ፣ ባለቤቴ በራሱ ብስክሌት ሆኖ፣ እሑድ እሑድ በሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ እንሄዳለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብስክሌቱ ወደ ጎን ይወዛወዝብኛል። በያጁ ብረት ጨመረበት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ባለቤቴ ከፊት ለፊት ቱቦው ላይ ይቀመጥ ይላል። ምን ይሻለኛል? መንዳቱንስ መቼ ላቁም?» ይላሉ።

እህቴ፣ መቀመጫው ተጠገነም አልተጠገነም፣ ከእንግዲህ ልጁን የሚጭነው አባቱ ይሁን። ብስክሌት በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝና ከብረቱ ብጀምር በወደድኩ፤ ነገር ግን ይህ ካልተወሰነ የብረቱ ጥገና ዋጋ የለውም። እርግዝናው ሲገፋ የሰውነትዎ ሚዛን ወደ ፊት ይሄዳል፣ መገጣጠሚያዎችም ይላላሉ። ልጁም በበኩሉ ክብደት ይጨምራል። ያለ ጭነት ብስክሌቱ ቢያዘነብል ሰው መሪውን ለቅቆ በእግሩ ይተርፋል። ልጁ ከኋላ ያለባት እናት ግን አትለቅም፤ ልጇን ላድን ስትል አብራው ትወድቃለች። ከሦስተኛው ወር በኋላ ደግሞ ማሕፀን ከዳሌ አጥንት በላይ ስለሚወጣ የአጥንት ከለላ የለውም፤ በሆድ ላይ የሚያርፍ ምት የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ቀለል ብለው ይንዱ፤ ጭነቱ ከነመቀመጫው ወደ ባለቤትዎ ብስክሌት ይዛወር።

አሁን ወደ መወዛወዙ እንምጣ። በያጁ ብረት ሲጨምር የባሰበት የጨመረው ከላይ ስለሆነ ነው። በከተማችን የሚሠሩት የልጅ መቀመጫዎች አብዛኞቹ ከፌሮና ከላሜራ የተበየዱ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ መቀመጫው ራሱ ሲሰበር እምብዛም አይታይም። የሚያስቸግረው የተሸከመው ዕቃ መጫኛ ነው። የፋብሪካው ዕቃ መጫኛ ቀጫጭን እግሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ስለሚወርዱ ከላይ የሚጫነውን ይሸከማል፤ ወደ ጎን የሚገፋውን ግን አይችልም። በላዩ ላይ አምስትና ስድስት ኪሎ ብረት፣ በዚያ ላይ የልጁን ክብደት ሲያክሉበት፣ ልጁ ዳክዬ ላሳይህ ብሎ ወደ ሐይቁ ዘንበል ባለ ቁጥር እግሮቹ ይተጣጠፋሉ። አብዛኞቹ ዕቃ መጫኛዎች የሚችሉት ኪሎ ተጽፎባቸዋል፤ 25 የሚል ካዩ የመቀመጫውንና የልጁን ክብደት አንድ ላይ ደምረው ያስቡት።

የሚወዛወዘው የት ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ አንድም ብየዳ አይጨመር። ልጁ ሳይኖር ባለቤትዎ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። በአንድ እጃቸው የነጂውን ኮርቻ፣ በሌላው የልጁን መቀመጫ መደገፊያ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። እርስዎ ከኋላ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ከታች ወደ ላይ እያነሡ ይመልከቱ። ጎማው ራሱ በአክስሉ ላይ ካረገደ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማው ቆሞ የዕቃ መጫኛው እግር ከብስክሌቱ አካል ጋር በተያያዘበት ቦታ ከተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። እግሩ ከታች ጸንቶ ከመሐል ከተለመጠ ዕቃ መጫኛው አቅም የለውም ማለት ነው፤ የእርስዎም ይህ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ሁሉ ጸጥ ብሎ መቀመጫው ብቻ ከተነቃነቀ የመቀመጫው ማሰሪያ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የኋላ ጎማውን ይንፉት። የላላ ጎማ ከላይ ያለውን ሁሉ ያወዛውዛል፤ ብዙ ሰው ብረት ያስበየደው የአየር ጉድለት እያለበት ነው። የሚፈለገው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ልጅ ለሚጭነው የኋላ ጎማ ከፍ ወዳለው ቁጥር ይጠጋ።

ችግሩ የዕቃ መጫኛው ከሆነ መፍትሔው ሦስት ማዕዘን መሥራት ነው። ከሁለቱ የኋላ እግሮች መሐል አንዱ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ፣ ሌላው ከቀኝ ታች ወደ ግራ ላይ የሚሻገሩ ሁለት ብረቶች ይታሰሩ። ጎማው እንዳይነካቸው ከጎማው ወደ ኋላ ራቅ ይበሉ። ከፊት በኩልም ዕቃ መጫኛውን በአንድ ቡሎን ብቻ ከኮርቻው ሥር ከማንጠልጠል፣ ሰፋ ብለው በሁለት ወገን የሚይዙ ሁለት ክንዶች ይኑሩት። የመቀመጫው ወለል ወደ ዕቃ መጫኛው የተቻለውን ያህል ይውረድ፤ በመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት የተዉ መቀመጫዎች አያለሁ፤ ያ ክፍተት ለምንም አይጠቅምም። ወደ ፊትም ይሳብ። ልጁ ሲቀመጥ የክብደቱ መሐል ከኋላ ጎማው አክስል በላይ ወይም ቀደም ብሎ ይሁን፤ ወደ ኋላ ካለፈም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። ከዚያ ካለፈ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይቅበጠበጣል።

ሁሉም በቡሎን ይታሰር፤ በብስክሌቱ ዋና ቱቦ ላይ ፈጽሞ አይበየድ። የብስክሌት ቱቦ ቀጭን ስለሆነ የብየዳ ሙቀት ያዳክመዋል፤ ስንጥቁም የሚታየው ዘግይቶ ነው። አሉሚኒየም ከሆነማ በተራ ኤሌክትሮድ ጭራሽ አይበየድም። በእያንዳንዱ ቡሎን ሥር ሮንዴላ፣ በላዩ ላስቲክ ያለውና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይግባ፤ ካልተገኘ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ይጥበቅ። የኮብልስቶን መንገዳችን አንዱን ዳዶ ሳያስታውቅ ይፈታዋል።

ባለቤትዎ ስላሰቡት የፊት ቱቦ፦ ፎጣ ጠቅልሎ ወይም ትራስ አስሮ ልጅን ቱቦው ላይ ማስቀመጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የልጁ እግር ወደ ፊት ጎማው ሽቦዎች ከገባ ጎማው በቅጽበት ይቆማል፣ አባትና ልጅም በመሪው ላይ ተሽቀንጥረው ይወድቃሉ። መደገፊያ፣ ቀበቶና የእግር ማሳረፊያ ያለው በፋብሪካ የተሠራ የፊት መቀመጫ ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው እስከ 15 ኪሎ ግራም ላለ ልጅ ስለሆነ የእናንተ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ያልፈዋል። የኋላው እስከ 22 ኪሎ ያደርሳል። በአንቀልባ አዝሎ መንዳትንም የሚያስቡ አሉ። ሲወድቁ ልጁ ከሰውነትዎ ጋር ታስሮ ይወድቃል፤ እርስዎ በጀርባዎ ካረፉ ደግሞ ከሥር የሚሆነው እሱ ነው። ይቅር።

እግር የሚገባው ወደ ፊት ጎማው ብቻ አይደለም። ልጅ በብስክሌት ላይ ከሚጎዳባቸው መንገዶች ወደ እኔ በብዛት የሚመጣው የኋላ ጎማ የያዘው እግር ነው፤ ሰዎች የተጣመሙትን ሽቦዎች ሊያስተካክሉ ሲመጡ ነው የምሰማው። ስለዚህ የእግር ማሳረፊያው በጎማው በኩል የላሜራ ግድግዳና ከላይ ማሰሪያ ይኑረው። በተጨማሪ የጎማውን ጎኖች መሸፈን አያስቸግርም። ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ጎን ሰፊ ቁራጭ ይቁረጡ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ፣ ዳር ዳሩን ብሱትና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) እና በዕቃ መጫኛው እግር ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። የእርስዎን የነጠላ ዘርፍና የቀሚስዎን ጫፍም ከጎማ የሚጠብቀው ይኸው ነውና ለሁለቱም ብስክሌቶች ይሠራ። የአባትየው ኮርቻ ከሥሩ ጥቅል ሞላ ካለው፣ የልጁ ጣቶች የሚያርፉት እዚያው ላይ ስለሆነ በአሮጌ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ይጠቅለል። አባት ሲቀመጥ ሞላው ይጨመቃል፤ በመሐሉ ያለ ጣት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

አባት ልጅ ከኋላ አስቀምጠው እግራቸውን በኋላ በኩል አሻግረው መውጣት አይችሉም፤ ልጁን ይመቱታል። በቆመ ብስክሌት ላይ ልጅ አስሮ ትቶ ዞር ማለትም አይገባም፤ መቆሚያው ለብስክሌቱ እንጂ ለልጅ አልተሠራም። እንዲህ አድርጉ። ብስክሌቱ ከበረንዳ ደረጃ ወይም ከመደብ አጠገብ ይቁም። አባት መጀመሪያ ቱቦውን ተሻግረው ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ አንሰራፍተው፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዘው ይቁሙ። ልጁ ከደረጃው ላይ ራሱ ወደ መቀመጫው ይግባ፤ እርስዎ ቀበቶውን ብቻ ይቆልፉለት። ከባድ ማንሣት አይኖርብዎትም። ሲወርዱም በዚሁ አኳኋን ይሁን። ቀበቶው በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ ይሁን፤ የወገብ ብቻ ከሆነ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ወደ ጎን ይወድቃል። የራስ መከላከያው ቆብ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይቀመጥ። የሞተር ሳይክል ቆብ ለዚህ ዕድሜ አንገት ስለሚከብድ ምትክ አይሆንም።

የአባትየው ፍሬን የግድ ይፈተሽ። በመቀመጫው ላይ የልጁን ያህል የሚመዝን የጤፍ ዱቄት ከረጢት አስረው፣ በእግር እየገፉ በድንገት ይያዙት። የኋላ ጎማው መቆለፍ አለበት። ካልተቆለፈ የፍሬኑ ላስቲክ አልቋል ወይም ሽቦው ላልቷል።

ወደ እርስዎ ብስክሌት እንመለስ። መሐል ቱቦው ዝቅ ያለ የሴት ብስክሌት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ በእነዚህ ወራት ተውሰውም ቢሆን ይለውጡት። ትልቁ ሥራ መሪውን ከፍ ማድረግ ነው። ዝቅ ባለ መሪ ሲጎነበሱ ጉልበትዎ ሆድዎን ይነካል፣ ክብደትዎም በእጅዎ ላይ ይወድቃል። በብዙዎቹ ብስክሌቶች መሪውን የሚይዘው አንገት አናት ላይ አንድ ቡሎን አለ። እሱን ጥቂት ዙር አላልተው፣ እንጨት አስደግፈው በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ውስጥ ያለው ሽብልቅ ይለቃል፣ መሪው ይነሣል። አንገቱ ላይ የተቀረጸች የገደብ መስመር አለች፤ መስመሯ ከቱቦው ውጭ ከታየች አልፈዋል፣ ይመልሱት። ካጠበቁ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበትዎ መሐል ይዘው መሪውን ይጠምዝዙ፤ ከዞረ አልጠበቀም። መሪው ሲነሣ የፍሬን ሽቦዎቹ እንዳይወጠሩም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው ይዩ።

ኮርቻውን የሁለቱም እግሮችዎ የፊት ግማሽ መሬት እስኪረግጥ ብቻ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ በላይ ካወረዱት ጉልበትዎ እንደገና ወደ ሆድዎ ይወጣል። የእርስዎ ጎማ ጭነት ስለሌለበት አየሩ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ቢቀርብ መንቀጥቀጡን ያለሰልሳል።

ለመንገዱ ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ ጠቅሞናል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ ስላለው ለእናንተ ይመቻል። የቤዛዊት ዳገትና ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ግን ለሌላ ዓመት ይቆዩ። በማለዳ ውጡ፤ ከቀትር በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ከጎን ሲመጣ የልጁ መቀመጫ ነፋስ ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ግቡ። ወባ ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ከሁሉ በላይ ይጎዳል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው።

መቼ ላቁም ላሉት፣ የጤናውን ነገር የሚወስኑት የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉልዎት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ብስክሌት እንደሚነዱ በግልጽ ይንገሯቸው። ከብስክሌቱ በኩል የማየው ምልክት ግን አለ። ፔዳል ሲረግጡ ጉልበትዎን ወደ ውጭ መክፈት ከጀመሩ፣ ወደ ኋላ ዞር ብለው ባጃጅ ሲመለከቱ መሪው አብሮ ከዞረ፣ ወይም ለመቆም እግርዎን ማውረድ ከዘገየብዎ፣ በዚያው ቀን ይቁም፤ ወሩ ስንተኛም ይሁን። እየነዱ መናገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል። ከወደቁ ደግሞ ምንም ባያምዎትም በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ደም ወይም ፈሳሽ ካዩ፣ ምጥ የመሰለ ቁርጠት ከመጣ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ አንድ ሰዓትም አይቆዩ።

ካቆሙም በኋላ እሑዱ አይቅር፤ እርስዎ በእግርዎ ሲሄዱ አባትና ልጅ በሐይቁ ዳር በዝግታ ሊከተሉዎት ይችላሉ። በያጁ የሠራው አሮጌ መቀመጫ እንደገና የማይስተካከል ሆኖ ከተገኘ ግን ለጎረቤት አይስጡት፣ ገበያም አይውጣ። አባትየው መደገፊያውን ከወለሉ በመጋዝ ይለያዩትና ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሽጡት።