«ሁሉም የራሱን ይችላል» ብቻውን አይበቃም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደሴ ያለው ድርጅታችሁና ኮምቦልቻ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ሊዋሃዱ ነው። የጠበቃውንና የኦዲተሩን ወጪ ማን ይክፈል? «እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይችላል» ብለን ብንጽፍ ይበቃል ወይ? ነው ያልሽው።

አብሽሪ፣ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም ጀምሬባታለሁ፤ ጉድ ሠርታኛለች።

የአንድ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ኮምቦልቻ ካለ ሌላ ድርጅት ጋር ተዋሃድን። ተፈረመ፣ ምሳ ተበላ፣ የሐረጎን ዳገት እየተሳሳቅን ወጣን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፖስታ ጠበቀኝ። የዚያኛው ወገን ጠበቃ የክፍያ መጠየቂያ ነው። ቀኑን ሳየው ሥራው የተሠራው ከፊርማው በፊት ነው። «ይሄ የነሱ ዕዳ ነው» አልኩ። ነገር ግን «እነሱ» የሚባል ድርጅት ከዚያ ወዲህ የለም። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የሚጠቀለለው ድርጅት መብትም ዕዳም ወደ ተቀባዩ ይዞራል። ከፈልን።

በቁጥር እንየው። የእናንተ 12 ሚሊዮን፣ የነሱ 8 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ድርሻው 60 ለ40 ነው። እነሱ ያልከፈሉት 500,000 ብር የባለሙያ ሂሳብ አለባቸው። አዲሱ ድርጅት ከከፈለው 300,000ው ከእናንተ ኪስ ወጣ ማለት ነው። ውሉ ላይ ግን «ሁሉም የራሱን» ይላል!

መፍትሔው ድርሻው ከመሰላቱ በፊት ያልተከፈለውን መቀነስ ነው። 8ቱ 7.5 ሚሊዮን ይሆናል፣ ድርሻችሁም ወደ 61.5 በመቶ ከፍ ይላል። በእናንተም በኩል ያልተከፈለ ካለ እንደዚሁ ይቀነሳል።

«ወጪ» ምን ምን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ። ጠበቃና ኦዲተር ብቻ አይደለም። ደላላ አለ። «ውህደቱ ካለቀ ይሄን ያህል እሰጥሃለሁ» ተብሎ ለሥራ አስኪያጁ ቃል የተገባ ጉርሻ አለ። ይቺ ሁሌም ተደብቃ ነው የምትመጣው። ቫትም አትርሺ። ባለሙያ ዋጋ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቫት ነው፤ 15 በመቶው በ500,000 ላይ 75,000 ብር ይጨምራል።

የጋራ የሆነውስ? ሁለታችሁን የሚገምተው ባለሙያ፣ የሰነድ ማረጋገጫው፣ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ውህደቱን ለመንግሥት ለማሳወቅ የሚወጣው። እኩል መካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ትንሹን ወገን ግን ይጫነዋል። እኔ በድርሻ ልክ ቢሆን እመርጣለሁ።

ደግሞ ቢፈርስስ? ማንም በሠርግ ዋዜማ ስለ ፍቺ ማውራት አይወድም፣ አውቃለሁ። ግን ያለ በቂ ምክንያት የተወው ወገን የሌላውን ወጪ በደረሰኝ ልክ ይተካ በሉ። ጣሪያም አስቀምጡለት፤ አለበለዚያ የሆቴል አበል ሁሉ ይዘረዘርባችኋል።

እኔ ከዚያ ፖስታ ወዲህ፣ ከሁለቱም ወገን ባለሙያዎች «ቀሪ ሂሳብ የለኝም» ወይም «ቀሪዬ ይህን ያህል ነው» የሚል የተፈረመ ወረቀት ሳልይዝ ለፊርማ አልቀመጥም። ከደላላውም ጭምር።