ድኩላው ሳይነቃ ማማ ላይ መውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ድኩላን ከማማ ላይ ሆናችሁ ማየትና ፎቶግራፍ ማንሳት የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከጨሞጋ ወንዝ በላይ፣ ከቁጥቋጦው ዳር የበቆሎ መጠበቂያ ማማ አለን። ጎሕ ሲቀድ ከቤት ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ገና ሳልደርስ ድኩላው ጮኾ ይሸሻል። ለምን?

ድኩላ እንደ ውሻ የሚጮኸው ሲጠራጠር ነው፤ እርስዎን ሳያይ አሽትቶዎታል። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቀዝቃዛው አየር ዳገቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ጠረንዎም አብሮት ይወርድና ቀድሞዎት ይደርሳል። ስለዚህ ቢረዝምም ዞረው ከታች በኩል ይውጡ። ፀሐይ ዳገቱን ካሞቀችው በኋላ ግን አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሣ ያን ጊዜ ከላይ መምጣት ይሻላል። ደቃቅ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ይያዙ፤ በመንገድ ላይ ቆም እያሉ መታ መታ ያድርጉት። ብናኙ ወደ ቁጥቋጦው ከነፈሰ ይመለሱ። «ዛሬን ብቻ» ብሎ መግባት ቦታውን ያበላሻል፤ ደጋግሞ የደነገጠ ድኩላ በቀን ብርሃን መውጣቱን ይተዋል።

ከዳንግላ፦ መንገዴ በባሕር ዛፍ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል።

በቀትር ሄደው ቅጠሉንና የተላጠውን ቅርፊት ይጥረጉ፤ እግር የሚያስኬድ ቀጭን መንገድ ይበቃል። ሲሄዱ ሁለት ሦስት ተራምደው ይቁሙ፤ ሰውን የሚያሳብቀው ሳያቋርጥ መራመዱ ነው። የማማው መወጣጫ የታሰረበት ልጥ ከላላም እንደገና ያጥብቁት። ብዙ ሰው መንገዱን ተጠንቅቆ መጥቶ የሚጋለጠው እዚያ ላይ በሚሰማው ሲጥሲጥታ ነው።

ከቡሬ፦ ልብስን ጢስ መሞቅ ጠረን ይሸፍናል?

አላምንበትም። ሽቶ ይቅር፣ ነጭ ጋቢም ይቅር፤ የቀረውን ለነፋሱ ይተዉት።

ከሚኒሶታ፦ የቢቸና ልጅ ነኝ። እዚህ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን በፈቃድ አድናለሁ። በጠመንጃ አደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው፤ የእኔ ብርቱካናማ ነው፤ አያጋልጠኝም?

አጋዘን ቀይንና ብርቱካናማን እንደ እኛ ለይቶ አያይም፤ ሰማያዊን ግን አጥርቶ ያያል። ጂንሱን ይቀይሩ እንጂ ከሌላ አዳኝ ጥይት የሚያድንዎትን ልብስ አያውልቁ፣ ወንድሜ። ሲነጋጋም ማሳ አቋርጠው አይሂዱ፤ አጋዘኖቹ ገና እዚያ እየበሉ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ማማው ካለ እኛስ ለምን አናድንም?

ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም አልመክርዎትም። በእኛ በጎጃም ደጋ የቀረው ጥቅጥቅ ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በገደል ውስጥ ነው፤ ድኩላው ከዚያ ከጠፋ ከየት ይመጣል?

ከደጀን፦ መሽቶ መውረድ ስፈልግ ድኩላው ከሥሬ ቢሆንስ?

አይውረዱ። ከብት የሚያስገባ ልጅ በዚያ በኩል እንዲያልፍ አስቀድመው ይንገሩት። ድኩላው ለከብቶቹ ገለል ይላል፤ ማማው ላይ ሰው እንደነበረ ግን አያውቅም።