የደጀን–ደብረ ማርቆስን መዘግየት ከእንግሊዝ ጋር ማነጻጸር

የእኔ የመንገድ መዘግየት በደቂቃ፣ የእንግሊዙ በሴኮንድ ሆኖብኝ ማነጻጸር አቃተኝ ላልከው፦ የእንግሊዙ ቁጥር የሚያሳየው፣ አንድ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ ማይል በመዘግየት የሚያባክነውን ሴኮንድ ነው። ያንተንም ወደዚያው አምጣው።

1. በፍጥነት ወሰኑ ቢነዳ የሚፈጀውን ጊዜ በትክክል ከፈጀብህ ቀንስ። 70 ኪሎ ሜትሩ በወሰኑ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆንና አንተን 74 ቢፈጅብህ፣ መዘግየቱ 14 ደቂቃ ወይም 840 ሴኮንድ ነው።

2. ለ70 አካፍል፤ በኪሎ ሜትር 12 ሴኮንድ። በ1.609 አባዛው፤ በማይል 19 ገደማ ይመጣል።

«ለምን በወሰኑ?» ካልክ፣ እነሱ የዋና አውራ ጎዳናቸውን የሚለኩት በዚያ ስለሆነ ነው። መነሻው ካልተመሳሰለ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። አባይ በረሃን አትቀላቅልበት! በዚያ መስመር ስመላለስ የማየውን ልንገርህ፦ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ የተጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ከኋላው አይሱዙው፣ ሚኒባሱ ይሰለፋል። መታጠፊያው ደርቦ ለመቅደም አይመችም። መኪና ሳይበዛ እንኳ በወሰኑ ስትለካው ሁሉም መዘግየት ሆኖ ይቆጠራል፤ ጥፋቱ ግን የዳገቱ ነው። እሱን ለብቻው አስቀምጠው። የገበያ ቀኑንም እንዲሁ፤ አስፋልቱን በግና አህያ ሲሞላው ሌላ ታሪክ ነው።